ቤትዎን ለአዳር እንግዳ ከማከራየትዎ በፊት፦ ሕጉ ምን ይላል፣ ለምንስ ይላል?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዘንድ የቤት ግዢ ወሬ ሲነሣ ቤትን በድረ ገጽ ለአዳር እንግዳ የሚያከራዩበት ኤርቢኤንቢ አብሮ ይነሣል። አንዱ «ቤዝመንቱን ለእንግዳ እያከራየሁ ሞርጌጁን እከፍላለሁ» ይላል። ሌላው «እሱማ ተከልክሏል» ይለዋል። ሦስተኛው ይቀጥልና «ማን ያይሃል? ሰው ሁሉ እየሠራው አይደል እንዴ!» ይላል። ከኒው ዮርክና ከባርሴሎና «ኤርቢኤንቢ ታገደ» የሚል ዜና ሲመጣ ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል።

ከሦስቱ አስተያየቶች አንዱንም ይዞ ቤት መግዛት አይቻልም። ሥራው በአብዛኛው ቦታ አልተከለከለም። እንደ ልብም አልተፈቀደም። ሕጉ ከከተማ ከተማ፣ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። ቢሆንም ብዙዎቹ ሕጎች የሚሽከረከሩት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው አለ ወይ? ይህን ጥያቄ የያዘ አንባቢ የቀረውን ዝርዝር ለመረዳት አይቸገርም። (ስለ አዲስ አበባ በሚናገረው ክፍል «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአዳር ኪራይ ስንል

የአዳር ኪራይ የምንለው ቤትን፣ አፓርታማን ወይም አንድ ክፍልን ለጥቂት ሌሊቶች ለእንግዳ ማከራየትን ነው። አብዛኞቹ ሕጎች መስመሩን 30 ቀን ላይ ያሰምሩታል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው በአብዛኛው እንደ ተከራይ ይታያል። ባለቤቱ ሲሰለቸው ብድግ ብሎ ሊያስወጣው አይችልም። ከዚያ በታች የሚቆየው ግን እንግዳ ነው። ስለዚህ ሥራው ከቤት ኪራይ ይልቅ ወደ ሆቴል ይጠጋል። መንግሥትም የሆቴል ግብር የሚጠይቅበት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዳ በገንዘብ ማሳደር በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ኤርቢኤንቢ በ2008 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲጀመርም ሐሳቡ ቀላል ነበር። የቤቱ ነዋሪ ሳሎኑ ውስጥ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ይዘረጋል፣ እንግዳው ያድርበታል፣ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ቤት መጣ። ማንም የማይኖርበት፣ ቁልፉ በሩ ላይ ባለ የቁጥር ሳጥን የሚቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ለእንግዳ ብቻ የሚከራይ ቤት። አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት አምስትና አስር እንዲህ ያለ ቤት ሊይዝ ይችላል። ቤት ሳይገዙ አፓርታማ ተከራይቶ መልሶ በአዳር የማከራየት ዘዴም አለ። በማኅበራዊ ሚዲያ «ረንታል አርቢትራጅ» በሚል ስም እንደ ጥሩ ቢዝነስ ይመከራል።

የፍራሹ ቤትና የቁልፍ ሳጥኑ ቤት ድረ ገጹ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ለሰፈሩ ግን በጣም የተለያዩ ናቸው። ሕግ አውጪዎቹ የሚደክሙት ሁለቱን ለመለየት ነው።

ከኢስተርን አቬኑ ወዲህና ወዲያ

ኢስተርን አቬኑ ዲሲን ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚለይ መንገድ ነው። ከመንገዱ በአንድ በኩል የዲሲ ሕግ ይሠራል፣ በሌላው በኩል የሜሪላንዱ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቨርጂንያ የሄደ ደግሞ ሦስተኛ ሕግ ያገኛል። ሐበሻው በብዛት የሚኖርባቸው አካባቢዎች ስለሆኑ ሦስቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ዲሲ ሕጉን ያወጣችው በ2018 ነው። ማስፈጸም የጀመረችው ግን በ2022 ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ቤቱ ዋና መኖሪያው ለሆነ ባለቤት ነው። ዋና መኖሪያ ማለት ሰውዬው በእርግጥ የሚኖርበት፣ መንጃ ፈቃዱና ግብሩ የተመዘገበበት ቤት ማለት ነው። ዲሲ ይህን የምታረጋግጠው በራሱ በሚኖርበት ቤት ላይ ባለቤቱ በሚያገኘው የንብረት ግብር ቅናሽ ነው፤ ቅናሹ «ሆምስቴድ ዲዳክሽን» ይባላል። አንድ ሰው ይህን ቅናሽ በሁለት ቤት ማግኘት ስለማይችል ለሁለት ቤት የአዳር ኪራይ ፈቃድ ማግኘትም አይችልም። ለዲሲ መንግሥት ያልተከፈለ ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ «ክሊን ሃንድስ» የተባለ ማረጋገጫም ያስፈልገዋል። ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ እያለ ክፍል ለማከራየት የሌሊት ገደብ የለበትም። ቤቱን ለቅቆ ሙሉውን ሲያከራይ ግን በዓመት ከ90 ሌሊት ማለፍ አይችልም። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጥፋት 500 ዶላር ሲሆን ሦስተኛው ላይ 6,000 ይደርሳል።

ሞንትጎመሪም ዋና መኖሪያ መሆኑን ይጠይቃል። ነገር ግን ባለቤቱ የፈቀደለት ነዋሪም ማከራየት ይችላል። ባለቤቱ ወይም ነዋሪው ቤት በሌለበት ጊዜ ገደቡ በዓመት 120 ቀን ነው። ካለ ገደብ የለም። የሚያድሩት አዋቂዎች ከ6 መብለጥ የለባቸውም። ለእያንዳንዱ ኪራይ ከመንገድ ውጭ አንድ የመኪና ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ ወይም መኪና ይዞ መምጣት እንደማይቻል ማስታወቂያው ላይ መጻፍ አለበት። አጠገብና ፊት ለፊት ላሉ ጎረቤቶች ማሳወቅም ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። በሞንትጎመሪ ቤዝመንቱን የራሱ ወጥ ቤት ያለው ሁለተኛ መኖሪያ አድርጎ ፈቃድ ያወጣ ሰው በዚያው ግቢ የአዳር ኪራይ ማካሄድ አይችልም። ለረጅም ጊዜ ተከራይ ወይም ለአዳር እንግዳ፣ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። የካውንቲው ሐሳብ ግልጽ ነው። ሁለተኛው መኖሪያ የተፈቀደው ለሰው መኖሪያ እንዲጨምር ነው፤ ለቱሪስት ከዋለ የተፈቀደበት ምክንያት ይጠፋል።

የቨርጂንያው ፌርፋክስ ካውንቲ ይበልጥ ጠበቅ ይላል። ዋና መኖሪያ መሆኑን ይጠይቃል፣ ከዚያም ባለቤቱ ኖረም አልኖረም በዓመት ከ60 ሌሊት በላይ አይፈቅድም። በ60 ሌሊት ሞርጌጅ አይከፈልም። ለበዓል ሰሞን ወይም ለእረፍት ሲሄዱ ቤቱን ማከራየት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ አያስኬድም።

አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት እንግዳ፣ ሦስት ዓይነት ሕግ። ከካውንቲው ሕግ በላይ የኮንዶው ማኅበር ወይም በተለምዶ ኤች ኦ ኤ የሚባለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ካውንቲው የፈቀደውን ማኅበሩ ሊከለክል ይችላል። ኢንሹራንሱም ሌላ ጉዳይ ነው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የንግድ ሥራን አይሸፍንም። እንግዳው ደረጃ ላይ ወድቆ ቢጎዳ ክሱ ባለቤቱ ራስ ላይ ያርፋል። የባንኩም ነገር አለ። «እኖርበታለሁ» ብሎ በዝቅተኛ ወለድ ተበድሮ፣ አንድ ቀን ሳያድርበት ለቱሪስት ማከራየት ከከተማ ደንብ መጣስ ያለፈ ነው። ለባንክ የተሳሳተ ቃል መስጠት በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል።

ጎረቤት ምን አገባው?

«ቤቱ የኔ፣ ግብሩን የምከፍለው እኔ፤ ጎረቤት ምን አገባው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ «ዞኒንግ» ከሚባለው አሠራር ይጀምራል። ዞኒንግ ከተማው መሬቱን ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለፋብሪካ ብሎ የሚከፋፍልበት ደንብ ነው። በመኖሪያ ሰፈር ቤት የገዛ ሰው ከአጠገቡ ጋራዥ ወይም መጠጥ ቤት እንደማይከፈት ተማምኖ ነው የገዛው። ዋጋውንም የከፈለው ለዚያ ጭምር ነው። በየሁለት ቀኑ እንግዳ የሚቀያየርበት ቤት መኖሪያ ነው ወይስ ሆቴል? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

የጎረቤት ቅሬታ ብዙ ጊዜ ስለ ትንንሽ ነገሮች ነው። ከቀኑ ውጭ የተጣለ ቆሻሻ፣ ሌሊት 8 ሰዓት በኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ ሻንጣ፣ መግቢያ የሚዘጋ መኪና፣ የተሳሳተ በር የሚያንኳኳ እንግዳ። አንዳንዴ ነገሩ ከዚህ ይከፋል። በ2019 የሃሎዊን ምሽት ካሊፎርንያ ኦሪንዳ ከተማ ውስጥ በኤርቢኤንቢ በተከራየ ቤት በተደረገ ድግስ ላይ ተኩስ ተከፍቶ 5 ሰዎች ሞተዋል። ኩባንያው ከዚያ በኋላ የድግስ ቤቶችን ከለከለ፣ በ2022ም ክልከላውን ቋሚ አደረገው።

ጎረቤት የሚፈልገው ኃላፊ ነው። ባለቤቱ ፎቅ ላይ ካለ ጫጫታው መጀመሪያ የሚረብሸው እሱኑ ነው። ወርዶ «ኧረ ዝም በሉ» ይላል። ጎረቤቱም ነገ ጠዋት ያገኘዋል። ባለቤቱ ሌላ ስቴት ከሆነ ግን ቅሬታው የሚሄደው ወደ ስልክ መልእክት ነው። የዋና መኖሪያ ሕግ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን ችግር በደንብ ይፈታዋል።

የቤት ኪራይ ያስወደደው ኤርቢኤንቢ ነው?

ፖለቲከኞች አጥብቀው የሚያነሡት ይህን ነው። አሠራሩን በምሳሌ እንየው። አንድ አፓርታማ በወር 2,400 ዶላር ይከራያል እንበል። በአዳር 180 ዶላር ቢከራይና በወር 20 ሌሊት ቢያዝ 3,600 ያስገባል። የጽዳት፣ የዕቃ፣ የመድረኩ (እንደ ኤርቢኤንቢ ያለው ድረ ገጽ) ኮሚሽንና ግብር ሲቀነስም ባለቤቱ ልዩነቱን ያየዋል። ስለዚህ ቤቱ ከኪራይ ገበያ ይወጣል። ተከራዩ ለቀሩት ቤቶች ከሌሎች ጋር ይሻማል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ጥናቶችም ይህን ይደግፋሉ፣ በመጠኑ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሜሪካን በሙሉ ያየና በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በአንድ ሰፈር የኤርቢኤንቢ ቤቶች በ1 ከመቶ ሲጨምሩ ኪራይ በ0.018 ከመቶ እንደሚጨምር አግኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የቤቶቹ ብዛት ከዓመት ዓመት በፍጥነት ያደገባቸው ሰፈሮች ስለነበሩ ግን ሲደመር ይከብዳል። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል። ባለቤቶች ራሳቸው በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ጭማሪው ያነሰ ነው። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ድሮም ለኪራይ አይወጣም ነበርና ከገበያው የሚቀንስ ነገር የለም። የዋና መኖሪያ ጥያቄ ከጎረቤት ሰላም አልፎ በቤት ገበያም ትርጉም እንዳለው ያየነው እዚህ ነው።

ባርሴሎና ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ኪራይ በአማካይ በ1.9 ከመቶ፣ ኤርቢኤንቢ በበዛባቸው ሰፈሮች ግን በ7 ከመቶ መጨመሩን አግኝቷል። አማካዩን ብቻ የሚጠራ ሰው «ይህ ነው የሚያስጮኸው?» ሊል ይችላል። የቱሪስት ሰፈር ውስጥ ለሚኖር ተከራይ አማካይ አይጠቅመውም። የሚከፍለው የሰፈሩን ዋጋ ነው።

በሌላ በኩል ክልከላ ብቻውን ኪራይ ያወርዳል ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው። ኒው ዮርክ ምስክር ናት። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው በከተማው መመዝገብ፣ እንግዳው ባለበት ጊዜ ቤቱ ውስጥ መገኘትና ከሁለት በላይ እንግዳ አለመቀበል ግዴታው ሆነ። በውስጥ ያሉት በሮች እንኳ መቆለፍ የለባቸውም። ከ20 ሺህ በላይ የነበሩት የአዳር ኪራይ ማስታወቂያዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ጠፉ ወይም ወደ 30 ቀንና ከዚያ በላይ ተዛወሩ። የሆቴል ዋጋ ጨመረ። የቤት ኪራይ ግን አልወረደም።

ምክንያቱ ስሌት ነው። ኒው ዮርክ 3.7 ሚሊዮን ገደማ መኖሪያ አላት። 20 ሺሁ ሁሉ ለነዋሪ ቢመለስ እንኳ ከመቶ አንድ አይሞላም። ከተማው በ2023 ባደረገው ቆጠራ ከሚከራዩ ቤቶች ባዶ የነበሩት 1.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጥበት ውስጥ ዋጋን የሚያወርደው ብዙ ቤት መሥራት ነው። የአዳር ኪራይ ሕግ ተከራይ ከቤቱ ተፈናቅሎ በቱሪስት እንዳይተካ ሊከላከል ይችላል። የቤት እጥረትን ግን አይፈታም። ከንቲባዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ሲያቀርቡ ሕዝቡ የማይሆን ነገር ይጠብቃል፣ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ሕጉ በከንቱ እንደወጣ ይቆጥረዋል።

«ማን ያይሃል?»

ከአስር ዓመት በፊት ይህ አባባል ብዙም ስህተት አልነበረም። ከተሞች ሕግ ያወጣሉ፣ ማስፈጸሚያ ግን የላቸውም። ድረ ገጹ የቤቱን ትክክለኛ አድራሻ የሚያሳየው ቤቱን ላስያዘ እንግዳ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ፎቶ እያየ ቤት መፈለግ ነበረበት። አንዱን ሲቀጣ ሌላው በሌላ ስም ይከፍታል።

ነገሩን የለወጠው ኃላፊነቱ ወደ መድረኮቹ መሄዱ ነው። ከተማው ለእያንዳንዱ ፈቃድ የምዝገባ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ማስታወቂያው ላይ መውጣት አለበት። ቁጥር የሌለውን ቤት ገንዘብ ተቀብሎ ያስያዘ መድረክ ራሱ ይቀጣል። ኩባንያዎቹ ይህን በፍርድ ቤት ተከራክረውበታል። «እኛ ማስታወቂያ ብቻ ነው የምንለጥፈው፤ ሰው ለጻፈው እኛ አንጠየቅም» አሉ። በ2019 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በካሊፎርንያዋ ሳንታ ሞኒካ ጉዳይ ላይ አልተቀበላቸውም። ከተማዋ የምትቆጣጠረው ማስታወቂያውን ሳይሆን ገንዘብ የሚያልፍበትን ግብይት ነው አለ። ከዚያ በኋላ የወጡ ሕጎች ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። ኒው ዮርክ ውስጥ ቁጥሩ ሳይረጋገጥ ክፍያ አያልፍም። አከራዩ እስከ 5,000 ዶላር፣ መድረኩ ደግሞ እስከ 1,500 ዶላር ይቀጣል።

የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ያወጣው ደንብ ከሜይ 20 ቀን 2026 ጀምሮ ተፈጻሚ እንዲሆን ወስኗል። ምዝገባ ያላቸው አገሮች ቁጥር ይሰጣሉ፣ መድረኮቹ ደግሞ ስንት ሌሊት እንደተከራየ የሚያሳይ መረጃ ለመንግሥት ይልካሉ። አምስተርዳም በአብዛኞቹ ሰፈሮቿ በዓመት 30 ሌሊት ብቻ ብላ ወስናለች፤ ለንደን 90 ሌሊት። ሌሊቱን የሚቆጥር ከሌለ እነዚህ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይቀራሉ። መረጃው ከመጣ ግን ቆጠራው በኮምፒውተር ይሆናል። «ማን ያይሃል?» የሚል ምክር ለሚሰጥ ዘመድ ይህን መንገር ይበቃል።

የባለቤቶች ክርክር

የአከራዮች ወገን የሚያነሣቸው ነጥቦች ተራ አይደሉም። ጡረታ የወጡ እናት ልጆቻቸው የለቀቁትን ክፍል በወር ለጥቂት ሌሊት ቢያከራዩ የንብረት ግብራቸውን ይከፍሉበታል። ቋሚ ተከራይ እንዳያስገቡ ክረምት ላይ ዘመድ ከአገር ቤት ይመጣል፣ ክፍሉ ይፈለጋል። ሥራ የቆመበት ሰው ቤቱን እንዳይነጠቅ ያቆየዋል።

የእንግዶችም ጥያቄ አለ። ለሠርግ፣ ለምርቃት ወይም ለለቅሶ ከሌላ ስቴት የሚመጣ ቤተሰብ ስምንት ሰው ሊሆን ይችላል። ወጥ ቤት ይፈልጋል። ቡና ማፍላት፣ እንግዳ መቀበል ይፈልጋል። ሆቴል ሦስት ክፍል አስከፍሎ ይህን አይሰጥም። ኒው ዮርክ ሁለት እንግዳ ብቻ ስትል እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ወደ ሆቴል ገፍታዋለች። የኒው ዮርክን ሕግ አጥብቆ የደገፈው የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር መሆኑም መታወስ አለበት። ማኅበሩ ለአባላቱ ሥራ መቆሙ መብቱ ነው። ሕጉ ግን የተከራይ ጥቅም ብቻ የወለደው አይደለም።

በእኔ አስተያየት ሚዛኑን የጠበቀው የሞንትጎመሪ ዓይነቱ ሕግ ነው። የሚኖርበትን ቤት የሚያከራይ ሰው በሩ ሰፋ ይደረግለታል። የሚኖርበት ያልሆነውን ቤት ሆቴል ማድረግ ግን አይችልም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ፈቃዱ፣ ፍተሻው፣ የጎረቤት ማሳወቂያውና የግብር ምዝገባው በየራሳቸው ቅጽ ይሄዳሉ። ጠበቃና ሠራተኛ ያለው ድርጅት ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ማታ ታክሲ ነድቶ የሚያድር አባት ግን ቅጹ ላይ ይሰናከላል፣ ወይም ሳያወጣ ይጀምርና ይቀጣል። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ይህን መብት የሚጠቀምበት ሰው ከሚገባው በታች ነው። ስልክ ደውሎ «አማርኛ» ማለት ይበቃል።

ከተማው የፈለገውን መከልከል ይችላል?

ሁልጊዜ አይችልም። በአሜሪካ ስቴቱ ከከተማው በላይ ነው። ፍሎሪዳ በ2011፣ አሪዞና በ2016 ከተሞች የአዳር ኪራይን እንዳይከለክሉ የሚያስሩ ሕጎች አውጥተዋል። ውጤቱን ለማየት አሪዞና ውስጥ ያለችውን ሲዶና መመልከት ይቻላል። ቀያይ ተራሮቿን ለማየት ሰው የሚጎርፍባት ትንሽ ከተማ ናት። ብዙ ቤት ለእንግዳ ዞረና አስተናጋጁ፣ አስተማሪው፣ የሆቴል አጽጂው የሚኖርበት አጣ። የከተማው ምክር ቤት በ2024 ሠራተኞች መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩበት ሕጋዊ ማቆሚያ ለማዘጋጀት ወሰነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ነዋሪዎች በድምፅ ውሳኔውን ሻሩት።

ሁለተኛው ገደብ ሕገ መንግሥቱ ነው። ኒው ኦርሊንስ በመኖሪያ ሰፈር ማከራየት የሚችለው እዚያው የሚኖር ባለቤት ብቻ ነው ስትል፣ በ2022 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉን አፈረሰው። የሌላ ስቴት ባለቤቶችን ያገልላል፣ በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድም ያደናቅፋል አለ። ከተማዋ በ2023 በሌላ መንገድ መጣች፤ በመኖሪያ ሰፈር በአንድ ብሎክ አንድ ፈቃድ ብቻ። ይኸው ፍርድ ቤት ቴክሳስንም ይሸፍናል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዳላስ በ2023 በነጠላ ቤቶች ሰፈር የአዳር ኪራይን ስትከለክል፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የስቴቱ ፍርድ ቤት ሕጉ ሥራ ላይ እንዳይውል አገደው። ስለዚህ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ዳላስ ላለ ወንድሙ የሚሰጠው ምክር አይሠራም፤ የዳላሱም ለሜሪላንዱ እንዲሁ።

አዲስ አበባስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሙሉ ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ በቀን ማከራየት የተለመደ ነው። ቦሌና አካባቢው፣ እንዲሁም ኮንዶሚኒየሞች ሳይቀሩ፣ በተለይ ለበዓል ዲያስፖራው ሲገባ ይደምቃሉ። ደላላና ቴሌግራም እንደ ትልልቆቹ መድረኮች ያገለግላሉ። የሕንፃው ጥበቃ በየቀኑ አዲስ ሰው ያያል። ነዋሪው ውሃና ሊፍት ከማያውቃቸው እንግዶች ጋር ይጋራል። ከባለቤቶቹም ብዙዎቹ ውጭ አገር የሚኖሩ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ውሉም በወረዳ ይመዘገባል። ዓላማው ተከራዩን ከድንገተኛ ጭማሪና ከማስወጣት መጠበቅ ነው። ለሦስት ቀን ያረፈ እንግዳ ግን የ2 ዓመት ውል አይፈርምም። ረጅሙ ኪራይ ሲጠብቅና አጭሩ ልቅ ሲሆን ባለቤት ወደ አጭሩ መሳቡ የሚጠበቅ ነው። የባርሴሎና ክፍለ ሀገር ካታሎንያ ይህን አይታለች። በ2024 የኪራይ ጣሪያ ስታደርግ ብዙ ባለቤቶች ጣሪያው ወደማይነካው «ወቅታዊ ኪራይ» ዞሩ።

የአዲስ አበባ ጉዳይ አንድ ለአንድ ከባርሴሎና ጋር አይነጻጸርም። ከተማዋ ለኮንፈረንስና ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ የሚመጣ እንግዳ ማስተናገድ አለባት። ዲያስፖራው የሚያመጣው የውጭ ምንዛሪም ያስፈልጋታል። ስለዚህ ክልከላ ከመጀመሪያው የሚነሣ ሐሳብ መሆን የለበትም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቆጠራ ነው። ወረዳው የሁለት ዓመቱን ውል እንደሚመዘግበው ሁሉ፣ በቀን የሚከራየውን መኖሪያ በተለየ መዝገብ ይዞ ባለቤቱ እዚያ ይኖር እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ስንት ቤት ከነዋሪ ወደ እንግዳ እንደዞረና በየትኛው ሰፈር እንደሆነ ይታወቃል። ባርሴሎና በ2024 የቱሪስት አፓርታማዎቿን ፈቃድ አላድስም፣ እስከ ኖቬምበር 2028 ሁሉም ያበቃል ስትል 10,101 ፈቃዶች መሆናቸውን መናገር የቻለችው አስቀድማ ስለመዘገበቻቸው ነው።